ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለሚነዱ፦ ስለ ጣርማበር ቁልቁለት

ጠያቂያችን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው መኪና ወደ ደሴ ሊጓዙ መሆኑን ገልጸው መንገዱ በየት እንደሚያልፍና ታሪኩ ምን እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በዚሁ መንገድ ላይ ገንዘቤንም ቀኔንም የከፈልኩ ሰው ስለሆንኩ የማውቀውን ልንገርዎት።

አንደኛ፣ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጎ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ይደርሳል፤ እስከዚያ ከብርዱ በቀር የሚያስጨንቅ ነገር የለውም። መንገዱ ክፍት መሆን አለመሆኑን ግን በዕለቱ ከመናኸሪያ ሾፌሮች ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ከደብረ ብርሃን በኋላ የሚገኘው የጣርማበር ተራራ ማለፊያ። በ1928 ዓ.ም. ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ይገሰግስ የነበረው የጣሊያን የሞተር ጦር እዚህ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለጠበቀው እስኪጠግን ቆሞ ነበር፤ ሚያዝያ 27 ቀን ዋና ከተማዋ ከገባ በኋላ ግን ተራራውን አስፈልፍሎ 600 ሜትር የሚጠጋውን፣ እስከ ዛሬ ሰው «ሙሶሊኒ ዋሻ» የሚለውን መተላለፊያ ሠራ። ዋሻው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሲሆን ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለችው ሸዋ ሮቢት ከተማ ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ከፍታ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ይወርዱታል ማለት ነው።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ከዋሻው እንደወጣሁ ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ማርሹን ፎሌ (ነፃ) አድርጌ በፍሬን ብቻ ወረድኩ። ደብረ ሲናን አልፌ አርማኒያ ሳልደርስ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ወዲያው የፍሬኑ ፔዳል ወለሉን ነካ። መኪናዋን በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ አስገብቼ ነው የተረፍኩት። ከኋላዬ የነበረ የተሳቢ ረዳት ዘሎ ወርዶ ታኮ ሲያስገባልኝ፣ እኔ በድንጋጤ የያዝኩትን ውኃ በጋለው የፍሬን ዲስክ ላይ አፈሰስኩት። «ምን አደረግክ!» ብሎ ጮኸ፤ ዲስኩ ግን ተሰንጥቆ ነበር። የፍሬን ሸራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ወጪው ቀላል ነበር፤ ዲስክ፣ ጎማና መጎተቻ ተደምረው የአንድ ወር ደመወዜን በሉት።

ከዚያ የባሰው ማስረጃው ነበር። ኢንሹራንሱ የአደጋ ሪፖርት ስለጠየቀኝ ወደሚመለከተው ቢሮ ብሄድ፣ ከሌላ መኪና ጋር ስላልተጋጨሁ አደጋ ደርሷል ለማለት እንደማይቻል ተነግሮኝ ሁለት ቀን ተመላለስኩ፤ ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል «ቦይ ውስጥ ግባ ያልንህ እኛ ነን?» አለኝ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመዎት (አይግጠምዎት እንጂ) መኪናዋ ከቦታዋ ሳትነሣ ፎቶግራፍ አንሥተው ትራፊክ ፖሊስ እዚያው ድረስ ይጥሩ። እኔ አስጎትቼ ከሄድኩ በኋላ ማመልከቴ ካሳዬን አስቀርቶብኛል።

አሁን ከዋሻው በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ሞተሩ እንዲይዘኝ አደርጋለሁ፤ የሚያጣድፉኝን ሚኒባሶች አሳልፌ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሜ ቆሎዬን እየገዛሁ ፍሬኑ ሩብ ሰዓት ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህ መልክ ከአሥር ጊዜ በላይ ተመላልሻለሁ፤ ሽታ የሚባል ነገር አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ አጣዬን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን ያገኛሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ሐረጎ ዳገት ስለሆነ የራዲያተሩን ውኃ አይተው ይነሡ።