የ8 ዓመት ልጅ «ዳይት» ያስፈልገዋል ወይ?

እህቴ፣ ልጅሽ 8 ዓመት እንደሞላው፣ 31 ኪሎ እንደሚመዝን፣ ቁመቱም 1 ሜትር ከ26 እንደሆነ ጽፈሽ «እራት ላስቀርበት ወይስ እንጀራውን ልቀንስበት?» ብለሻል። ሁለቱንም አታድርጊ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይሽ።

31ን ለ1.26 አካፍዪ፤ የመጣውን እንደገና ለ1.26 አካፍዪው። 19.5 ይመጣል። ይህ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝን ቁጥር ነው፤ ሐኪሞች BMI ይሉታል። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ 8 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ከ17.4 ካለፈ ክብደቱ ከልክ በላይ ነው፤ ከ19.7 ካለፈ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለበት ይባላል። ያንቺው ልጅ ሁለተኛው መስመር አፋፍ ላይ ደርሷል። (የአዋቂ መለኪያ የሆኑትን 25 እና 30 ለልጅ እንዳትጠቀሚ። በነሱ ከለካሽው «ምንም አልሆነም» ብለሽ ትቀመጫለሽ።) በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ኪሎው እዚያው 31 ላይ ቢቆይና ለከርሞ 1.32 ቢደርስ ውጤቱ 17.8 ይሆናል፤ የ9 ዓመት ወንድ የመጀመሪያው መስመር (ክብደቱ ከልክ በላይ የሚባልበት) 17.9 ነው። አንድ ኪሎ እንኳ ሳይቀንስ ወደ ልኩ ገባ ማለት ነው። እራት የተከለከለ ልጅ ግን ለእድገት የሚያስፈልገውን ያጣል፤ ከዚያም ርቦት ሌሊት ዳቦ ፍለጋ ይነሳል ወይ ከሱቅ ገዝቶ ተደብቆ ይበላል።

ከእንጀራው በፊት ብርጭቆውን ተመልከቺ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። ጠዋትና ማታ ሻዩን በሁለት ሁለት ማንኪያ ከጠጣ 16 ግራም ሆነ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለበት። የዚህ ዕድሜ ልጅ በቀን ወደ 1,600 ካሎሪ ይበቃዋል፤ ከዚህ ውስጥ ከተጨመረ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ፣ ማለትም ከ40 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ግማሹ ቢሆን ይመረጣል። በሻይና በአንድ ለስላሳ ብቻ ልኩ አለፈ። የሻዩን ስኳር ግን በአንድ ቀን አታጥፊበት፣ ይጠላዋል። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሺ፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ጣል ብታደርጊበት ጉድለቱ እምብዛም አይታወቀውም። ለስላሳ ለበዓል ይሁን፣ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥ። የታሸገ ጁስም ስሙ አያታልልሽ፤ ብርቱካኑን ልጦ ይብላው።

ወደ ገበታው ስንመጣ፣ ጤፍ እንጀራ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን ጥፋት የለበትም። የሚያስቸግረው ዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከጀሪካን እያንደቀደቁ ወጥ የሚሠራ ቤት አምስት ማንኪያ ይግባ ስምንት አያውቅም። በማንኪያ ለኪው። ፓስታ በዳቦ፣ ድንች ጥብስ በዳቦ ማቅረብም ይቅር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እኛ አዋቂዎቹ ነን። ልጁ ጠግቦ እጁን ሲሰበስብ አያት «አፈር ስሆን ይቺን ብቻ» ትላለች፣ አክስት «በሞቴ» ብላ ትጨምራለች። ወሎ ቤት ውስጥ ይህን እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ልጁም ሆዱ የሚነግረውን ትቶ የሰው ዓይን እያየ መብላት ይለምዳል። ድርሻ ተከፋፈሉ፦ ምን እንደሚበላ፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚበላ አንቺ ትወስኛለሽ፤ ምን ያህል እንደሚበላ እሱ ይወስናል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራትና ሁለት መክሰስ፤ በመካከል ውኃ ብቻ። ከመሶቡ በጋራ ሲበላ መጠኑ ስለማይታወቅ ለጊዜው ለብቻው በሳህን አቅርቢለት። ድገሙኝ ካለ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቂ፣ ጥጋብ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ስልክና ቴሌቪዥን እያየ አይብላ። ለአያቱም ጉርሻውን አትከልክያቸው፣ አንዷን በመጀመሪያ ያጉርሱትና ይብቃቸው።

ጎመን አልወድም ካለ አንድ ማንኪያ ብቻ አድርጊለት፣ ካልበላም ዝም በዪ። ልጅ አዲስ ምግብ እስኪቀበል 8፣ አንዳንዴም 15 ጊዜ መቅረብ አለበት። «ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ» ያልሽው ቀን ግን ጎመኑ ቅጣት፣ ከረሜላው ሽልማት ሆነ።

ለመክሰስ የባቄላ ወይም የስንዴ ንፍሮ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ እርጎ፣ ሙዝ፣ በክረምት በለስ። ቆሎ ጥሩ ነው፣ ግን ካሎሪው ብዙ ስለሆነ አንድ ጭብጥ ይበቃል፤ ከ4 ዓመት በታች ላለ ታናሽ አይሰጥም፣ ያንቀዋል። ለትምህርት ቤት ብር ከመስጠት ይህን ቋጥሪለት።

እንቅስቃሴው በቀን 60 ደቂቃ ነው፤ በአንድ ጊዜ መሆኑ ግድ አይደለም፣ 15 እና 20 ደቂቃ እየሆነ ይደመር። ደሴ ላይ ዳገት አይቸግርም። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከባጃጁ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ወርዳችሁ በእግር ጨርሱት። ትክክለኛው ፍጥነት ማውራት እየቻለ መዝፈን የሚያቅተው ነው። በሳምንት 3 ቀን ገመድ ዝላይ ወይም ሰኞ ማክሰኞ ይጫወት፣ ለአጥንት ይበጃል። የክረምቱ ዝናብና ጉም ሲያግድ ቤት ውስጥ እስክስታ ይበቃል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ሙቀቱ ስለሚያደክም ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጉት። ስፖርቱን ለቅጣት አትጠቀሙበት፤ «ወፍራሜ» የሚል ቅጽል ስምም ከቤት ይውጣ፣ የተሰደበ ልጅ ሜዳ አይወርድም።

እንቅልፉ ከ9 ሰዓት አይነስ። 12 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ልጅ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት፤ ድራማው እስኪያልቅ የሚቀመጥ ልጅ በማግሥቱ ጣፋጭ ያምረዋል።

በየ3 ወሩ በዚያው ሚዛን፣ ጫማ አውልቆ ለኪው። በየሳምንቱ መመዘን ጭንቀት እንጂ ጥቅም የለውም። አንገቱና ብብቱ ጠቁሮ ከወፈረ፣ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ከተቋረጠ፣ ውኃ ጥምና ሽንት ከበዛበት፣ ዳሌው ወይም ጉልበቱ አሞት ካነከሰ፣ ወይም እየወፈረ ቁመቱ ከቆመ ሦስት ወሩን ሳትጠብቂ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ለአስም ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ከሆነም ንገሪያቸው፤ መድኃኒቱ ያወፍራል፣ በራስሽ ግን አታቋርጪው።