የግብር ጥያቄዎ፦ ሦስት ወር ናይሮቢ ሠርቶ መመለስ

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የቡና ቀማሽ ነኝ። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለኝ፤ የሒሳብ መዝገብም ይዤ እሠራለሁ። ናይሮቢ የሚገኝ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ወጣት ቀማሾቹን እንዳሠለጥን የሦስት ወር ውል አቅርቦልኛል። ውሉ ከክፍያዬ 20 በመቶ ለኬንያ መንግሥት እንደሚቆረጥ ይናገራል። ወንድሜ «እዚያ ከተቆረጠብሽ እዚህ ምንም የለብሽም» ይለኛል። የሒሳብ ሠራተኛዬ ግን «እዚህም ታስታውቂያለሽ፤ እዚያ የከፈልሽው ይቀናነስልሻል» ትላለች። የማንን ልስማ?
ወ.፣ ከሄርማታ

መልስ፦ ወንድምዎ ተሳስተዋል። የሒሳብ ሠራተኛዎ ግማሹን በትክክል ነግራዎታለች። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ግማሽ ነው፤ ብዙ ባለሙያ በእሱ ተማምኖ ሲፈርም አይቻለሁና።

የወንድምዎን ነገር በቶሎ ልጨርስ። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነን ሰው ከየትም አገር ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ይጥልበታል። ሰዎች የሚጠቅሱት በዓመት ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ መቆየት ነዋሪነት ከሚታወቅባቸው መንገዶች አንዱ ብቻ ነው፤ በአገር ውስጥ መኖሪያ ያለው ሰውም ነዋሪ ነው። ቤትዎና የቅምሻ ክፍልዎ ጅማ እያሉ ሦስት ወር ናይሮቢ ስለቆዩ ነዋሪነትዎ አይቀርም። ሥራው አጭር መሆኑም አያድንም፤ አዋጁ የንግድ ሥራ የሚለው ለትርፍ የሚሠራን የሙያ ሥራ ሁሉ ነው፣ ያለማቋረጥም ሆነ ለአጭር ጊዜ ቢሠራ። እርስዎ የግል ነጋዴ ስለሆኑ ግብርዎን የሚሰበስበው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የኦሮሚያ ክልል ነው። ስለዚህ ጉዳይዎ የሚያልቀው እዚሁ ጅማ፣ በከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እዚያ የተከፈለ ግብር እዚህ ከሚከፈለው ግብር ላይ ይቀናነሳል የሚለው ድንጋጌ በአዋጁ ውስጥ አለ፤ የሚሠራው ግን ከውጭ ምንጭ ለተገኘ ገቢ ነው። ይኸው አዋጅ ደግሞ የአንድ ነዋሪ የንግድ ሥራ ገቢ፣ ውጭ አገር በቋሚነት በሚሠራ ድርጅቱ በኩል የተገኘ ካልሆነ በቀር፣ ምንጩ ኢትዮጵያ ነው ይላል። እርስዎ ናይሮቢ ቢሮ የለዎትም፤ በሰው ቤተ ሙከራ አስተምረው ይመለሳሉ። የግብር ሠራተኛው «ይህ ገቢ ከመነሻው የኢትዮጵያ ነው፤ ኬንያ የቆረጠችውን አላቀናንስም» ቢልዎት የሚቆምበት ሕግ አለው። ኬንያ በበኩሏ ነዋሪ ላልሆነ ሰው ከሚከፈል የሙያና የሥልጠና ክፍያ ላይ 20 በመቶ የምትቆርጠው በራሷ ሕግ ነው፤ የእኛን አዋጅ አታማክርም። ሁለቱም አገሮች በየሕጋቸው ትክክል ናቸው፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በባለሙያው ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። ክፍያዎ 500,000 ብር ቢሆን ኬንያ 100,000 ብር ትቆርጣለች። ለአውሮፕላን ቲኬትና ለማረፊያ 200,000 ብር ቢያወጡ ትርፍዎ 300,000 ብር ነው። እዚህ ግብር የሚሰላው በትርፉ ላይ ነው፤ ኬንያ ግን ወጪዎን ሳታይ ከጠቅላላው ክፍያ ነው የቆረጠችው። ይህ ትርፍ ከሌላው ገቢዎ በላይ ተደርቦ በከፍተኛው የ35 በመቶ እርከን ላይ ቢያርፍ የእዚህ ግብር 105,000 ብር ይሆናል። ኬንያ የቆረጠችው በሙሉ ቢቀናነስልዎ ኖሮ እዚህ የሚጨምሩት 5,000 ብር ብቻ ነበር። ካልተቀናነሰ ግን ከ300,000 ብር ትርፍ በእጅዎ የሚቀረው 95,000 ብር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሥራዎን ዘግተው ሄደው ይህን ብቻ ይዘው ሲመለሱ ማየት አልፈልግም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ገና አልፈረሙም። «በኬንያ የሚቆረጠው ግብር በከፋዩ ላይ ይሆናል፤ ለባለሙያዋ የሚደርሰው የተጣራ ክፍያ ይህን ያህል ነው» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። እርስዎ 100 ብር እንዲደርስዎ ድርጅቱ 125 ብር ይመድባል፤ የዚያ 20 በመቶ 25 ብር ስለሆነ ለኬንያ ይገባል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ከውጭ ባለሙያ የሚያስመጡ ድርጅቶች የሚያውቁት አሠራር ነው። እምቢ ካሉም ዋጋዎን ያንን አስበው ከፍ ያድርጉ። ቲኬቱንና ማረፊያውን ደግሞ ድርጅቱ በቀጥታ ለአየር መንገዱና ለሆቴሉ ይክፈል፤ በእርስዎ ክፍያ ውስጥ ተጠቃሎ ከገባ 20 በመቶው በእሱም ላይ ይቆረጣል።

ከመሄድዎ በፊት ለገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ውሉን አያይዘው፣ «የሚቆረጥብኝ ይቀናነስልኛል ወይ?» ብለው፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በመስኮት የተነገረዎት ቃል ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። መልሱ «ይቀናነሳል» ከሆነም ያለ ወረቀት ምንም አያገኙም። የማውቀው አንድ የቡና መፈልፈያ ማሽን ጠጋኝ ካምፓላ ሠርቶ ሲመለስ 15 በመቶ ተቆርጦበት ነበር፤ ይዞ የመጣው ግን የአሠሪውን ድርጅት ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤው የአገሩ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ያወጣው ማስረጃ ስላልሆነ ክርክሩ ሳይጀመር አለቀ። እርስዎ የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን በስምዎ የሚያወጣውን የተቀናሽ ግብር ምስክር ወረቀት ሳይቀበሉ ከናይሮቢ አይነሱ። የመጨረሻው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ይጠይቁት፤ ከዚያ በኋላ ስልክዎን የሚያነሳ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

የሚቀጥለው ጥሪ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከህንድ ወይም ከብሪታንያ ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ከእነዚህ አገሮች ጋር ኢትዮጵያ ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት አላት። የቆይታዎ ቀንና ቋሚ የሥራ ቦታ መኖር አለመኖሩ በየስምምነቱ የሚሰጠው ውጤት ስለሚለያይ አንቀጹን ያንብቡ፤ የኢትዮጵያ ነዋሪ ግብር ከፋይ መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃም አስቀድመው ያውጡ።

ጥያቄ፦ ጅማ ተቀምጬ ለዱባይ ድርጅት በኮምፒውተር የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ። ክፍያው በዶላር ባንክ ይገባልኛል። ግብር ይመለከተኛል?
ተ.፣ ከመንደራ

መልስ፦ አዎ፣ ይመለከትዎታል። ሥራውን የሚሠሩት ጅማ ነው፤ ክፍያው በዶላር መሆኑ ምንም አይለውጥም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከእንዲህ ዓይነት ክፍያ ላይ ስለማትቆርጥ የሚቀናነስ ነገርም የለም። እያንዳንዱን ክፍያ በገባበት ቀን ምንዛሪ በብር ይመዝግቡ፤ የባንኩን ማስታወቂያም ያስቀምጡ። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ መዝገብ ይዘው የሚሠሩ ከሆነ እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃሉ። ፈቃድ ከሌለዎት በዚህ ሳምንት ያውጡ።