የጌም ጥያቄና መልስ፦ ሶኒክ 2 እውነት ይሻላል ወይስ ትዝታ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ምጽፍልህ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው፣ አንተ ስላልኩህ እንዳትቀየመኝ እዚህ ለአያቶቻችንም አንተ ነው ምንለው። ባለፈው ታይዋን ገበያ ገብቼ ያገለገለ ሴጋ ሜጋ ድራይቭ (የድሮ የቲቪ ጌም ማጫወቻ) ገዛሁ፣ ከሁለት ጆይስቲክና ከሁለት ካሴት ጋር፣ የሯጩ ጃርት ጌም ሶኒክ 1 እና ሶኒክ 2። የሰፈር ትልልቆች ሁሉ «ጌም ማለት ሁለተኛው ነው» ይሉኛል፣ እኔ ግን አንደኛውን ሳልጨርስ መንካት አልፈለኩም፣ ችግሩ ማርብል ሚባለው እሳት ያለበት ቦታ ላይ ተሰላቸሁ። ደሞ የ7 አመት ወንድም አለኝ፣ ጆይስቲክ ካልሰጠኸኝ ብሎ ያለቅሳል፣ ስሰጠው በሁለት ደቂቃ ሶስቱንም ላይፍ ይጨርስብኛል። ልዝለለው ወይስ ልጨርሰው? ሁለተኛው እውነት ይሻላል ወይስ ትልልቆቹን ትዝታ ይዟቸው ነው?
(ታላቅ ወንድም፣ ሳቢያን)

መልስ፦ አልተቀየምኩም አቦ፣ እኔም ያደኩት ገንደ ቆሬ ነው። ትዝታም አለበት አልዋሽህም፣ ግን ትዝታውን ቀንሰህለት እንኳን ሁለተኛው ይሻላል፣ ምክንያቱ ላይ ደሞ አሁን አንተው ቆመህበታል።

አንደኛው የወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ነው፣ እዚህ ደርግ በወደቀ ሰሞን ማለት ነው። ያኔ የማርዮን ጌም የለመደ ሰው ሶኒክን ሲያይ የሚገርመው ፍጥነቱ ነበር። የመጀመሪያው ቦታ ግሪን ሂል ላይ ጃርቱ ቁልቁለቱን ይዞ ሲወርድ ክቡን መንገድ ተገልብጦ ሲዞር አይንህ አይከተለውም፣ ከዛ ልክ ሲጥምህ ማርብል ይመጣና የሩጫ ጌም የገዛኸው ሰውዬ ቆመህ ተራ ትጠብቃለህ፣ በሰንሰለት የታሰረው ባለሾህ ነገር እስኪነሳልህ ትጠብቃለህ፣ እሳቱ ላይ የሚንሳፈፈው ድንጋይ እስኪያደርስህ ትጠብቃለህ። አንተ ጋር ምንም ችግር የለም፣ ሁላችንም እዛ ጋር ነው የተሰላቸነው።

ሌላው ደሞ ይሄን አስተውል፣ አንደኛው ላይ ዳገት ስር ቀጥ ካልክ አለቀልህ፣ ወደኋላ ተመልሰህ መንደርደሪያ ርቀት መያዝ አለብህ፣ ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ጎማው የሰመጠ ባጃጅ በለው፣ ወደኋላ ወደፊት ወደኋላ ወደፊት። በ1992 ሕዳር የወጣው ሁለተኛው ይቺን ነገር ፈታት። ታች ሚለውን ተጭነህ ትይዛለህ፣ የዝላዩን ቁልፍ ደጋግመህ ትመታለህ፣ ጃርቱ ተጠቅልሎ እዛው ባለበት ይሽከረከራል ከኋላው አቧራ ይነሳል፣ ታች ሚለውን ስትለቀው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነው ሚወጣው። በቃ ይሄ ብቻ ነው። አዲስ ቁልፍ የለም አዲስ መሳሪያ የለም፣ ግን ከዛ በኋላ ጌሙ ውስጥ ቆሞ የሚቀር ሰው የለም። ቦታዎቹም ቶሎ ይቀያየራሉ፣ አንደኛው 6 ቦታ ኖሮት እያንዳንዱ ሶስት ሶስት ሌቭል ነበር፣ ሁለተኛው ወደ 11 ቦታ አድጎ አብዛኛው ሁለት ሁለት ሌቭል ሆነ። ካሴቱም ከ512 ኪሎባይት ወደ 1 ሜጋባይት አድጓል፣ ዛሬ በስልክ ካነሳሃት ፎቶ ያንሳል እኮ!

አሁን ወደ ታናሽህ። እኔ ቤት ውስጥ ታናሹ እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ይሰጠኛል ገመዱን ግን ሶፋ ስር ይከተዋል፣ እኔ ጃርቱን የማስሮጠው እኔ መስሎኝ ከወገቤ ጋር አብሬ እዘላለሁ፣ ሲሞት አዝናለሁ ሲያልፍ እጨፍራለሁ። ወር ከምናምን በኋላ እማዬ ቤት ስትጠርግ የገመዱን ጫፍ በመጥረጊያ ስባ አወጣችውና «ይሄ ደሞ የምንድነው?» አለች። ወላሂ ያን ቀን የበላሁት ምሳ አልጣመኝም።

ሁለተኛው ካሴት ለኔ አይነቱ ልጅ ነው የተሰራው። ሁለት ጅራት ያለው ቢጫ ቀበሮ አለ፣ ቴይልስ ይባላል፣ ሶኒክን ከኋላ ከኋላ ሚከተለው እሱ ነው። ሁለተኛውን ጆይስቲክ (በእውነት ሰክተህ!) ለታናሽህ ስትሰጠው ቀበሮውን እሱ ይነዳዋል፣ ገደል ቢገባ ካንተ ላይፍ አይቀነስም፣ ትንሽ ቆይቶ ጅራቱን እንደ ሄሊኮፕተር እያሽከረከረ በሰማይ ተመልሶ ይመጣል። ቦስ (የቦታው መጨረሻ ላይ ያለው ዋና ጠላት) ላይ ስትደርሱ ደሞ የሱ ምት ይቆጠራል፣ አንተ ፈርተህ ጥግ ስትይዝ እሱ ሞትን ስለማይፈራ ገብቶ ይደበድብልሃል። ስክሪኑ ግን ሚከተለው አንተን ብቻ ስለሆነ ከሮጥክ ጥለኸው ትሄዳለህ፣ እሱ ላይ «ጠብቀኝ» የሚል ጩኸት ይኖራል ቻለው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ኤመራልድ ሚባሉት ልዩ ድንጋዮች ሚሰበሰቡበት ቦታ ላይ ቀበሮው ካንተ ዘግየት ብሎ ነው ሚዘለው፣ አንተ ያለፍከውን ቦምብ እሱ ይረግጠውና የለቀምከው ቀለበት ይበተናል፣ እዛ ጋር ብዙ ወንድማማች ተጣልቷል። ኤመራልድ ስትፈልግ ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ ሶኒክን ብቻውን ምረጥ። ሜትሮፖሊስ ሚባለው ቦታ ደሞ ክንዱን እየወረወረ ሚገድል አንበጣ አለ፣ እሱን የፈጠረው ሰው ልጅ አይወድም መሰለኝ። የመጨረሻው ቦስ ጋር ቴይልስም የለም ከሞት ሚያድንህ አንድም ቀለበት የለም፣ አንዴ ከተነካህ ሞትክ።

ስለዚህ እኔ ምልህ አንደኛውን አትዝለለው፣ አሁኑኑ ጨርሰው፣ ማታ ታናሽህ ሲተኛ ብቻህን። ሁለተኛውን አንዴ ከለመድክ እጅህ ያችን መወንጨፍ ስለሚፈልጋት ወደ አንደኛው መመለስ በጣም ነው ሚከብድህ፣ ቁልፉን ስትመታ ጃርቱ በመወንጨፍ ፈንታ ዝም ብሎ ይዘላል። ማርብልን ካለፍክ በኋላ ላቢሪንት ሚባለው ውሃ ውስጥ ትንፋሽ ያጥርሃል፣ እሱን ታገስ፣ ቀጥሎ ያለው ስታር ላይት ሩጫ ነው ይክስሃል። ሁለተኛውን ከወንድምህ ጋር ክፈተው።

ጥያቄ፦ ካሴቱ አንዳንዴ ጥቁር ስክሪን ብቻ ያሳያል፣ እፍ ስለው ይሰራል። ጉዳት አለው?
(ከከዚራ)

መልስ፦ የሚሰራልህ በእፍታህ አይደለም፣ አውጥተህ መልሰህ ስለሰካኸው ነው። ከትንፋሽህ ጋር እርጥበት ስለሚገባ ውስጥ ያሉት የመዳብ ጥርሶች ቀስ እያሉ ይዝጋሉ። ስፒሪት የነካ የጆሮ ጥጥ ይዘህ ጥርሶቹን ጥረግ፣ ጥጡ ጥቁር እየሆነ ከወጣ የድሬ አቧራ ነው ቀጥል፣ በደንብ ሳይደርቅ እንዳትሰካው።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ውስጥ ነው ያለሁት። ሶኒክ 2 ላይ ሩቅ ደርሼ መብራት ይሄዳል፣ ሴቭ ማድረጊያ የለውም። ሁሌ ከአንድ መጀመር ሰለቸኝ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሴቭ የመጣው ሶኒክ 3 ላይ ነው፣ በ1994 እ.ኤ.አ.። ያንተኛው ላይ ግን በጓሮ በር አለ። ኦፕሽን ውስጥ ሳውንድ ቴስት (የጌሙን ድምፆች መሞከሪያ) ሚል አለ፣ እዛ ላይ 19፣ 65፣ 09፣ 17 ቁጥሮችን በተራ እያመጣህ አንድ በአንድ አጫውታቸው። የዋናው ፕሮግራመር የዩጂ ናካ ልደት ነው፣ 1965 መስከረም 17 በነሱ አቆጣጠር፣ መስከረም ለነሱ 9ኛ ወር ነው። የመጨረሻውን ስታጫውት ቀለበት የመልቀም ድምፅ ይሰማል፣ ከዛ ስታርት ብለህ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስ፣ ሶኒክና ቴይልስ ብቅ ሲሉ «A» ሚለውን ቁልፍ ተጭነህ ይዘህ ስታርት በል፣ የቦታዎቹ ዝርዝር ይመጣልሃል፣ መብራት የሄደበትን መርጠህ ግባ። የቀለበቱን ድምፅ ካልሰማህ ቁጥር ተሳስተሃል፣ ከ19 ጀምር።