ሰኔ ላይ ያሳያችሁኝን ጓሮ ነሐሴ ላይም አሳዩኝ

በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ በሰው አገር ያሉ ወገኖቼ በሚልኩልኝ የጓሮ ፎቶ ስልኬ ይሞላል። ገና እግር ያወጣ የቲማቲም ችግኝ፣ ለጋ ሰላጣ፣ የፈነዳ ጽጌረዳ። እያንዳንዱን አጉልቼ አያለሁ። ከልቤ ደስ ይለኛል። ነሐሴ ላይ ግን ፎቶው ይቆማል። ደውዬ "አትክልቱ እንዴት ሆነ?" ስል "ተወው ጋሼ፣ ተበላሸብኝ" ይሉኛል።

እኔ ግን ማየት የምፈልገው የተበላሸውን ነው። በሰው አገር ከ20 ዓመት በላይ አትክልት ተክያለሁ። የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከጠወለገ፣ ከበሰበሰና ሳያፈራ ከቀረ ተክል ነው። አንዳችን የተበላሸብንን ከደበቅን ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ይደግመዋል።

መጀመሪያ የሚያሳስተን ቃሉ ራሱ ነው። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው የሚታየን፣ ሁሉ ነገር የሚለመልምበት ጊዜ። በቀዝቃዛ አገር ግን ክረምቱ ብርድ ነው፣ አፈሩ በረዶ ይሆናል፣ ተክል የሚያድገው በበጋው ነው። ጊዜውም አጭር ነው። ከፀደዩ የመጨረሻ ውርጭ እስከ መኸሩ የመጀመሪያ ውርጭ ድረስ ያሉት ቀኖች ናቸው ያሏችሁ። ያለችሁበት ከተማ እነዚህ ሁለት ቀኖች መቼ እንደሚሆኑ ጠይቃችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ደቡብ ንፍቀ ክበብ ያላችሁ ወራቱን ገልብጡት። የበረሃ አገር ያላችሁ ደግሞ በጋው ለእናንተ የማረፊያ ጊዜ ነው። የምትተክሉት ሙቀቱ ሲበርድ ነው፤ በሌላው ፎቶ ቀንታችሁ በሐምሌ ችግኝ አታቃጥሉ።

ከሙቀቱ በላይ ብዙዎቻችንን ያታለለን የቀኑ ርዝመት ነው። ከምድር ወገብ ብዙም ባልራቀ አገር ነው ያደግነው። ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እምብዛም አይርቅም። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ግን የሰኔ ቀን 16 ሰዓት ይደርሳል፣ የባሰም አለ። ተክል ይህን ይቆጥራል። ድንብላልና ስፒናች ቀኑ ሲረዝም ቅጠል መስጠታቸውን ትተው ወደ አበባና ወደ ዘር ይሮጣሉ። ሰላጣም ረጅሙ ቀን ላይ ሙቀት ሲጨመርበት እንደዚያው ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። እነሱን በፀደይ መጀመሪያና በበጋ ማብቂያ ዝሩ፤ መሀሉን ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለዱባ ተዉት።

የተገላቢጦሹም አለ። አንድ ዓመት ከሞቃት አገር የመጣ ሀረግ ፎሶሊያ ዘራሁ። አጥሩን ሸፈነው። ሰው ሁሉ አደነቀልኝ፣ እኔም ፎቶ ላኩ። ነገር ግን አበባ የለም። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። አበባው የወጣው ቀኑ ሲያጥር፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ውርጭ መጣና ሁሉንም አጠቆረው። ዘሩ አበባ የሚያወጣው በአጭር ቀን እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ሽንኩርትም የራሱ ዓይነት አለው፤ ለአጭር ቀን የተዘጋጀውን ረጅም ቀን ያለበት አገር ብትተክሉት ገና በልጅነቱ ራስ መቋጠር ይጀምራል፣ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዘር ስትገዙ ላላችሁበት አካባቢ የሚሆን መሆኑን ጠይቁ። በሻንጣ ይዞ መሄድም ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ አገሮች ለዘር የእጽዋት ጤና ማረጋገጫ ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ ነሐሴ ልምጣ። በብዛት የምጠየቀው የቲማቲሙ ቂጥ ጠቁሮ ስለመስመጡ ነው። ሰዎች በሽታ ነው ብለው መድኃኒት ይረጫሉ። በሽታ አይደለም፤ ካልሲየም ወደ ፍሬው በበቂ ስላልደረሰ ነው። ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፤ የሚያደርሰው ውሃ ነው የተቆራረጠው። አፈሩ እስኪደርቅ ተረስቶ ድንገት ሲጥለቀለቅ እንዲህ ይሆናል። የተጎዳውን ፍሬ ቁረጡት፣ ውሃውን አስተካክሉ፣ የሚቀጥለው ደህና ይወጣል። አበባው ከረገፈ ደግሞ ቴርሞሜትሩን እዩ። ቀኑ 32 ዲግሪ፣ ሌሊቱ 24 ዲግሪ አካባቢ ከዘለቀ ቲማቲም ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። ሲበርድ ይመለሳል፣ ተክሉን አትንቀሉት።

ዱባና ዝኩኒ ያበቡላችሁና ያላፈሩላችሁም አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጡት ወንድ አበቦች ናቸው። ሴቷን ከሥሯ ባለችው ትንሽ ፍሬ ትለዩዋታላችሁ። እሷም ወጥታ ፍሬው እየጨነገፈ ካስቸገረ ንብ አልመጣም ማለት ነው። በጠዋት ወንዱን ቀጥፋችሁ መሀሉን ከሴቷ መሀል ጋር አነካኩት።

ንብ ካነሳሁ አይቀር፣ አበባን ከአትክልት የምትለዩ ሰዎች ታሳዝኑኛላችሁ። ከዱባው አጠገብ ጥቂት የሱፍ አበባና ኮስሞስ ቢኖር ንቧ ራሷ ትመጣለች። አበባ ደግሞ በቆረጣችሁት ቁጥር ይጨምራል። የጠወለገውን በየሁለት ሦስት ቀኑ ልቀሙለት፤ ዘር ከያዘ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ያቆማል። ፎሶሊያና ዝኩኒም እንዲሁ ናቸው። ቅጠሉ ብቻ የሚለመልም፣ አበባ የማያወጣ ከሆነ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ አብዝታችሁ ይሆናል። ክፍት አበባ ላይ መርዝ አትርጩ፣ እባካችሁ።

ስለ ውሃ አንድ ነገር ብቻ። በየቀኑ ላይ ላዩን ማርጠብ ሥሩን ሰነፍ ያደርገዋል። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በጠዋት፣ ጥልቅ አድርጋችሁ አጠጡ። ለአንድ ካሬ ሜትር በሳምንት 25 ሊትር አካባቢ መነሻ ይሁናችሁ፤ ሲሞቅ ጨምሩ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፣ ከታች እርጥብ ከሆነ ተዉት። አፈሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሣር ብትጎዘጉዙት ውሃው ይቆያል፣ አረሙም ይቀንሳል። በረንዳ ላይ የምትተክሉ ግን ይህን አትከተሉ። ዕቃው ትንሽ ስለሆነ በሙቀት ወቅት በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል።

እንግዲህ ፎቶ ስትልኩልኝ የተዘራበትን ቀንና የዘሩን ስም ጨምሩበት። ፀሐይ ስንት ሰዓት እንደሚያገኝም ንገሩኝ። ቢጫ ቅጠል ካለ ገልብጣችሁ ጀርባውንም አንሱት፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው። ያለዚያ የምለው ሁሉ ግምት ይሆናል።

የእኔን ልንገራችሁ። ዘንድሮ ስድስት ቲማቲም ተከልኩ፣ አራቱ በደንብ ይዘዋል። ሁለቱ ዛፍ ጥላ ሥር ነበሩ፣ ቀጭጨው ቀሩ። ቃሪያው ዘግይቶ ነው ያበበው፣ ችግኙን አፈሩ ሳይሞቅ አውጥቼው ነበር። ዳሊያው ከጠበቅኩት በላይ አምሮልኛል። ካሮቱን ሳላሳሳው ስለቆየሁ ጣት ጣት የሚያህል ሆኗል። ድንብላሉ አብቦ ዘር ይዟል፣ ዘሩን ለቅሜ አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ውርጭ ሊመጣ ስምንት ሳምንት ገደማ ቀርቶኛል። ለሰላጣ ስድስት ሳምንት ይበቃዋል፤ ቀኑ እያጠረ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ጨመርኩበት። ነገ ጠዋት ድንብላሉ የነበረበትን መደብ ኮትኩቼ እዘራዋለሁ። ሲበቅልም ባይበቅልም ፎቶውን እልካለሁ።