ተኝቼ ልታከም ወይስ በራሴ ልተወው?

ይድረስ ለልጆቼና ለታናናሾቼ፤

ዕድሜዬን ጎጃም ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ሥራው ቢለቀኝም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ደብረ ማርቆስ ቡና ልጠጣ በተቀመጥኩበት አንዱ ወንበር ይስብና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። «ጋሼ፣ ለአንድ ጓደኛዬ ነበር የምጠይቅዎት» ይላል። ጓደኛው ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቀጥሎ የሚመጣውም ያው ነው። «መጠጡ ማገገሚያ የሚያስገባ ደረጃ ላይ ደርሷል ይላሉ?»

ይሄ ደረጃ የሚሉት ነገር ብዙ ሰው አዘናግቷል። ሰው ደረጃውን የሚለካው ከእሱ በባሰው ነው። «እኔ እንደ እገሌ ቦይ ውስጥ አላድርም» ይላል። እገሌን ብትጠይቁት እሱም የራሱ እገሌ አለው። ደመወዙ ስላልተቋረጠ፣ ባጃጁን ስለሚነዳ፣ ክፍል ገብቶ ስለሚያስተምር «ገና ነኝ» የሚል ወጣት ሞልቷል። ከሥራ የተባረረበት ቀን እስኪመጣ ይጠብቃል ማለት ነው።

እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መጠጡ ሲቋረጥ ሰውነትህ ምን ይሆናል? ታክመህ ስትወጣስ የምትመለሰው ወደ ምን ዓይነት ቤት ነው? አልጋ ይዞ መታከም ያስፈልግሃል ወይስ እየተመላለስክ ይበቃሃል የሚለውን የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

ከዚያ በፊት ግን በመጠኑ እንተማመን። እኛ ዘንድ መጠጥ ሲቆጠር ጠላ አይቆጠርም። «ምን ጠጣህ?» «ምንም፣ ጠላ ብቻ።» አረቄውም የሚቆጠረው በመለኪያ ነው፤ መለኪያው ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ሰውየው ትንሽ የጠጣ ይመስለዋል። የዳጉሳ አረቄ፣ በተለይ ሁለቴ የሚወጣው ዳገሙ፣ ግማሽ ሊሆን ትንሽ የቀረው አልኮል ነው። ቢራ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ሒሳቡን ሥሩት፤ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ የተሞላ ዳገም ከአንድ ደርዘን ቢራ አይተናነስም። አንድ ደርዘን ቢራ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ቢታይ እናት ትጮሃለች። ሃይላንዱ ግን ጃኬት ኪስ ውስጥ ገብቶ ይውላል።

ሐኪሞች የሚጠይቋቸው 4 አጫጭር ጥያቄዎች አሉ። መቀነስ አለብኝ ብለህ አስበህ ታውቃለህ? ሰው ስለ መጠጥህ ሲያነሳብህ ትናደዳለህ? በመጠጣትህ ተጸጽተህ ታውቃለህ? ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትፈልገው መጠጥ የሆነበት ቀን አለ? ለ2ቱ «አዎ» ካላችሁ ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። አራተኛውን ግን እኔ ለይቼ አየዋለሁ። ጠዋት «ለማስተካከያ» የምትወሰድ አንዲት መለኪያ፣ ሰውነት ያለ መጠጥ መቆም እንዳቃተው ትናገራለች።

«ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ አልቀምስም እኮ!» የሚለኝ አለ። እውነት ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሰውነቱ ገና አልታሰረም። እሱን የምጠይቀው ስለ ፋሲካ ነው። ጾሙ ተፈትቶ በሳምንቱ የት ነበርክ? ቤትህ ገብተህ ታድር ነበር? ጾም ላይ ችሎ ፋሲካ ላይ ልጓሙ የሚበጠስበት ሰው ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ በምክር ሊታከም ይችላል። ዘንድሮ ሁዳዴን መጀመር ያቃተው፣ ወይም በሁለተኛው ቀን ተንቀጥቅጦ «ጠላ የጾም ነው» ብሎ የተመለሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ አዘዝኩለት። ብርጭቆውን በአንድ እጁ ሊያነሳ ሞከረ፤ ሻዩ ሳህኑ ላይ ተደፋ። በሁለት እጁ ያዘውና አንገቱን ወደ ብርጭቆው አወረደ። «ብርድ ነው» አለኝ። ሚያዝያ ላይ ነን፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። መጨረሻ የጠጣው ትናንት ማታ ነበር። «ዛሬ እኮ ለማቆም ወስኜ ነው» አለኝ፤ ኩራት ቢጤም ነበረው። ውሳኔው የሚያስመሰግን ነው። የዚያን ዕለት ያሳሰበኝ ግን እሱው ነበር።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አልኮል አእምሮን ያዘገያል። በየቀኑ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው አእምሮ ያንን ለማካካስ ራሱን ማፍጠን ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲነሳ ማፍጠኑ ብቻውን ይቀራል። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደሚጥል በሽታ ሊጥል ይችላል። በ2ኛው፣ በ3ኛው፣ በ4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዱ ይቃዣል፤ ያለበትን ይረሳል፣ ግድግዳ ላይ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳቱ ይወጣል። ይሄኛው ካልታከመ ይገድላል። ሁሉም እዚህ አይደርስም። ከዚህ በፊት ሲያቆም የጣለው ወይም የቃዠ፣ ብዙ አረቄ በየቀኑ የሚጠጣ፣ ሌላ ሕመም ያለበት ግን ቤቱ ተኝቶ መሞከር የለበትም። ለእሱ ልግባ አልግባ የሚል ክርክር የለም፤ ሐኪም ባለበት ቤት አልጋ ይያዝ።

ስለ ጸበል ብዙ ስለምጠየቅ ትንሽ ልቆይበት። እኔም አማኝ ነኝ። ግሽ ዓባይ ወርደው ተጠምቀው መጠጥ የተዉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ዛሬ ልጅ ያሳድጋሉ። ሥጋቴ በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው። ልጁ ትናንት አረቄ ሲጠጣ አድሮ ዛሬ ጸበል ቦታ ይወሰዳል። መጠጡ በአንድ ጊዜ ይቋረጣል። ጾምም ይጨመርበታል፤ ሆዱ ባዶ ነው። በሦስተኛው ቀን መጮህ፣ ማየት፣ መለፍለፍ ይጀምራል። ዙሪያው ያለው ሰው «ለፈለፈ፣ ሊለቀው ነው!» ብሎ ደስ ይለዋል። ሰውነቱ ግን መጠጥ አጥቶ እየተቃጠለ ነው። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ሐኪም ቤት ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ሲጠይቀኝ የምለው አንድ ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጸበል። እንዲያውም አደገኛው ጊዜ ካለፈ በኋላ ጸበል ቦታ የሚሰጠው ነገር ጥሩ ማገገሚያ ከሚሰጠው አይርቅም። ከጓደኛ ትርቃለህ፣ ጎህ ሲቀድ ትነሳለህ፣ ቀንህ ሥርዓት ይይዛል፣ አጠገብህ የሚያስታምም ሰው አለ። አስተዋይ ካህን «መድኃኒትህን አታቋርጥ» ይላል። ጣል የሚል ካጋጠማችሁ ግን አትስሙት።

ለወላጅም አንድ ቃል አለኝ፤ ይሄን ደብዳቤ አንብቡላቸው። «መጠጥ ያስጠላል» የተባለ ቅጠል ወይም ክኒን ወጥ ውስጥ ደብቃችሁ አታብሉ። ከመጠጥ ጋር የሚጣላ መድኃኒት አለ፤ ሳያውቅ ወስዶ የጠጣበት ሰው ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። «አክስትህን ልንጠይቅ» ብላችሁ አታልላችሁ አልጋ ላይ አታስተኙት። እንዲያ የገባ ሰው የሚያስበው ስለ መውጫው በር ብቻ ነው። እናንተ ወጣቶችም ከመድኃኒት ቤት ዳያዜፓም ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ። ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ውስጥ ምን አለ? ብዙ ሰው የሚፈራው ሰንሰለትና ጩኸት ነው። እውነቱ ይልቅ አሰልቺ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ለሰውነት ነው። ዳያዜፓም ወይም የሱ ዓይነት መድኃኒት በልክ ይሰጣል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ቫይታሚን ቢ1 ይሰጣል፤ ጠጪ ሰው በዚህ ቫይታሚን እጥረት ስለሚጎዳ፣ ከጎደለ ማስታወስንም መራመድንም ይወስዳል። መብላትና መተኛት ይመለሳል። ብዙው ልጅ በሳምንቱ «ድኛለሁ፣ ልውጣ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ማገገሚያ የሚባለው ዋናው ሥራ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። እስካሁን የወጣው ከደም ውስጥ ነው፤ ሀራራው ገና አለ። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ድረስ የሚያቆዩ ማዕከላት አሉ። በቡድን መነጋገር፣ ብቻ ለብቻ ምክር፣ ሀራራ ሲመጣ እንዴት እንደሚታለፍ መለማመድ ነው ሥራው። ሀራራውን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም ስላሉ ሐኪሙን ጠይቁት።

ከደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ጀምሩ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን አሉ። ከዚያ ሲያልፍ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ አማኑኤል ነው። ሪፈር ይጻፍላችኋል። በዚህ ዘመን መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ፣ ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ አትናቁ፤ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰው መንገድ ላይ ከሚያድር እዚያ ይታይ። የግል ማዕከል ከመረጣችሁ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ማታ ሐኪም ወይም ነርስ ያድር እንደሆነ ጠይቁ። «መቶ በመቶ እናድናለን» የሚል ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሥራዬስ? ለሚለው፦ በግል ድርጅት የምትሠሩና የሙከራ ጊዜያችሁን የጨረሳችሁ፣ የሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የሕመም ፈቃድ ይሰጣችኋል። በሕክምና ማስረጃ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈላል። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ ስላለው የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ። ሰክሮ ገብቶ ከመባረር ታሞ መቅረት ይሻላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ፤ ወደ ቤቱ። እናቱ አረቄ አውጥታ ያሳደገችው ልጅ ነበር። ደብተሩም ጫማውም ከአረቄ ነው የተገዛው። ትንሽ እያለ ከጋኑ የሚወርደውን መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ነበር፤ እሳት ላይ ጠብ አድርጎ ሲነድ ያሳያል፣ ደንበኛ ይስቃል። ታክሞ ወጣ፤ ፊቱ ሞልቶ፣ ደምቆ። ቤቱ ሲደርስ እሳቱ እየነደደ ነበር። እናቱን «ተይ» ማለት አይቻልም፤ ታናናሾቹ የሚበሉት ከዚያ ነው። እሷም ያለቀሰችው እኔ ዘንድ መጥታ ነው። መፍትሔው የተገኘው ፍኖተ ሰላም ካለ አጎቱ ጋር ነው፤ ሱቅ ተቀጥሮ እዚያው አደረ። እናቱን የሚጠይቃት ቀን ቀን ነው። ይሄ ሁሉ ግን መጀመሪያ ሊታሰብ ይገባ ነበር፤ ሳይገባ በፊት።

ስለዚህ የቤቱ መልስ «እዚያ ቤት ተመልሼ አልችልም» ከሆነ፣ ሰውነትህ ባይንቀጠቀጥም ረዘም ላለ ጊዜ መግባቱ ያዋጣሃል። ሚስት ወይም እህት የምትጠብቅህ፣ መጠጥ የማይገባበት ቤት ካለህ፣ ማቆሙ የማይጥልህ ከሆነ ደግሞ ተመላላሽ ሕክምና ሊበቃህ ይችላል። ሥራ ቦታህ ገጠር ሆኖ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከአረቄ ቤት በቀር መዋያ የሌለህ መምህር ከሆንክ፣ ዝውውር መጠየቅም ከሕክምናው አንዱ ነው።

ለሴቶች ልጆቼ፦ እናንተ ዘግይታችሁ ነው የምትመጡት፤ ስሙ ስለሚከብድ። ማዕከል ስትመርጡ የሴቶች ክፍል ለብቻው መኖሩንና የምታድረው ነርስ ሴት መሆኗን በስልክ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ስትወጡ ማኅበር አለ፣ ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ። «ለአፍህ እንኳ» የሚል አጎት አይጠፋም። «አቁሜያለሁ» ካላችሁ ክርክር ይከፈታል፤ እኛ አገር መጠጥ ማቆም ለድርድር የቀረበ ነገር ነው። «መድኃኒት ላይ ነኝ» በሉ። እሱ ካልሠራ «ስለት ነው» በሉ፤ ጎጃም ውስጥ ስለትን የሚከራከር የለም። የድግሱን ባለቤት ቀደም ብላችሁ ብርዝ ወይም ኬኔቶ እንድታስቀምጥላችሁ ንገሯት። ባዶ እጅ የተቀመጠ እንግዳ ነው ሰው ዓይን የሚገባው።

አንዳንዱ ይመለስበታል። የተመለሰበት ሰው ወደ ክፍላችን ሲመጣ የምናየው ስኳርና ደም ብዛት እንዳገረሸበት ታማሚ ነው። ቀን ሳታሳልፉ ኑ።

ለመሄድ ከወሰናችሁ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ፤ አርብ ከሰዓት የደረሰ ሰው ቅዳሜና እሑድን በተረኛ ነው የሚያሳልፈው። እስከዚያ በድንገት አታቁሙ። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ የሰፈራችሁ ሆኖ ካፈራችሁ ባሕር ዳር ሂዱ። አብሯችሁ የሚሄደው ሰው የማይጠጣ ይሁን፤ በጎብኚ ሃይላንድ ስንት ጊዜ አረቄ እንደገባብን እኔ ነኝ የማውቀው። ሐኪሙ «በቀን ስንት ትጠጣለህ?» ሲላችሁ ግማሹን አትንገሩት። ዳገሙንም ጠላውንም፣ የጠዋቷንም ጨምራችሁ ንገሩት። መድኃኒቱን የሚለካላችሁ በዚያ ቁጥር ነው።