«የማን ልጅ ነህ?» የሚሉ ፈረንጆች

እህቴ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ የዛሬ አስር አመት እኔም ይሄንኑ ነበር ሰው የምጠይቀው። የባልሽ አባት የስድስት አመት ልጅሽን የስኮትላንድ ክላን (የዘር ወገን) ማህበር ካላስመዘገብኩት፣ ኪልቱንም (ወንዶቹ የሚለብሱትን ሽንሽን ጉርድ) ካልገዛሁለት ብለው ያዙኝ ልቀቁኝ ሲሉ አንቺ ደሞ «ይሄ ነገር ቁም ነገር አለው ወይስ የቱሪስት ጨዋታ ነው? ልጄስ የኔን ወገን አይረሳም ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ኬፕ ብሬተን ደሴት ነው ያገባሁት፣ ማክኒሎች ቤት ከገባሁ 12 አመቴ፣ ስለዚ ያየሁትን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

መጀመሪያ ቅሌቴን። ልጄ አምስት አመቱ እያለ አማቴን ላስደስት ብዬ ማንንም ሳላማክር ኦንላይን ርካሽ ኪልት አዘዝኩ፣ ሽንሽኑ ቆንጆ ስለሆነ በፊት በኩል አድርጌ አለበስኩት (ለካ ሽንሽኑ ወደ ኋላ ነው፣ ፊት ለፊት ልሙጡ ነው የሚሆነው)፣ ይባስ ብዬ ፎቶ ላይ አይቼ ቆቡ ላይ ሶስት ላባ ሰካሁለት። አንቲጎኒሽ የምትባል ከተማ የሚደረገው የሃይላንድ (የስኮትላንድ ደጋ) ጨዋታ ላይ፣ ከ1863 ጀምሮ ያለ ነው (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ እያንዳንዱ ክላን የራሱን ድንኳን ይተክላል፣ እዛ ስንገባ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ለልጄ እጅ ነሱ። ሶስት ላባ የሚያደርገው የክላኑ አለቃ ብቻ ነዋ! ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ፣ ባሌማ እስካሁን ያነሳብኛል። ግን እዛው ያው ሽማግሌ ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጌሊክ (የስኮትላንድ ደገኞች የድሮ ቋንቋ) «ኮ ሌሽ ኡ?» አሉት፣ ምን ማለት ነው ስላቸው «የማን ነህ?» ማለት ነው አሉኝ። በቃ እኔ ቀሪውን ቀን እሱን ሳስብ ዋልኩ፣ እኛ ሰፈር አሮጊቶቹ መንገድ ላይ አስቁመው «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» የሚሉትን እኮ ነው።

እዚ አገር ደሞ ጥያቄው የግድ ነው፣ አንድ መንደር ውስጥ አንድ አይነት ስም ያለው ሀያ ሰው አለ። ስለዚ ሮዲ ማክኒል ብትይ ማንም አያውቅልሽም፣ ሮዲ የኒል የሚካኤል ብለሽ አባቱን አያቱን ስትደረድሪ ነው «አሃ!» የሚሉሽ። ክላን የሚለው ቃል እራሱ በጌሊክ «ልጆች» ማለት ነው፣ ማክ ደሞ የእገሌ ልጅ። ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሀበሻ ይሄ ምኑ እንግዳ ነው?

አሁን ቱሪስት ወዳልሽው ልምጣ፣ ግማሹ እውነትሽን ነው። ለየክላኑ የተለየ ታርታን (ኪልቱ የሚሰራበት ባለ ካሬ ጨርቅ) የሚባለው ነገር በአብዛኛው በ1800ዎቹ ነው መልክ የያዘው። ከዛ በፊትማ በ1746 ኩሎደን ላይ ደገኞቹ በመንግስት ጦር ከተሸነፉ በኋላ ወንዶቹ የሃይላንድ ልብስ እንዳይለብሱ በህግ ተከልክለው እስከ 1782 ቆይተዋል። የኖቫ ስኮሺያ የራሱ ታርታን ደሞ የዛሬ ሰባ ምናምን አመት የመጣ ነው፣ ቤሲ መሪ የምትባል ሴት በ1953 ለበግ አርቢዎች ኤግዚቢሽን የሰራችው ነው። አንገስ ኤል ማክዶናልድ የሚባለው የግዛቱ መሪም ቱሪስት ይመጣል ብሎ ባግፓይፑንም (ከረጢት ያለውን ዋሽንት) ታርታኑንም በደንብ ገፋበት። ስለዚ ጨርቁን እንደ ታቦት አትዪው፣ አትናቂውም፣ ልጆቹ ሲለብሱት ትከሻቸው ቀና ይላል።

አለቃ የሚባለው ነገር ላይ ግን የኛዎቹ ስሜት ድብልቅልቅ ያለ ነው። ማክኒሎች የመጡት ባራ ከምትባል ትንሽ የስኮትላንድ ደሴት ነው፣ አለቃው ኪሲሙል የሚባል ባህር መሀል ያለ ግንብ ነበረው። በ1838 የጊዜው አለቃ እዳ ሲያንቀው ደሴቱን ከነሰዉ ጎርደን ለሚባል ሀብታም ሸጠው፣ ጎርደን ደሞ በ1851 ብዙዎቹን በግድ መርከብ ላይ ጭኖ ወደ ካናዳ ላካቸው። የባለቤቴ ሰዎች ከዛ በፊት ነው የወጡት፣ ሌላው ክላንማ በ1773 ሄክተር በምትባል መርከብ እዚሁ ኖቫ ስኮሺያ ፒክቱ ወደብ የገባ አለ፣ መንገድ ላይ በፈንጣጣና በተቅማጥ ስንት ህጻን እየሞተባቸው። አማቴ ይሄን ሲያወሩ «አባት ያልነው አከራይ ሆነብን» ይላሉ። ደሞ የሚገርመው፣ ግንቡን በ1937 መልሶ የገዛውና ያደሰው አሜሪካ ያደገ አርክቴክት አለቃ ነው፣ ዳያስፖራ! ከሱ በኋላ የመጣው አለቃ ደሞ ለስኮትላንድ ቅርስ መስሪያ ቤት ለ1000 አመት አከራየው፣ ኪራዩ በአመት አንድ ፓውንድና አንድ ጠርሙስ ውስኪ። አማቴ «ውስኪውን ለኛ ቢልኩልን» ብለው ይስቃሉ።

እንግዲህ ልጁን የሚይዘው ምንድነው ካልሽኝ ኩሽናው ነው። ድንኳኑ በአመት አንዴ ነው፣ ኩሽናው ግን ክረምቱን ሙሉ ነው። ኬይሊ ይሉታል፣ ሳትጠሪ ጎረቤት ቤት ሄደሽ ሻይ፣ ፊድል (ቫዮሊን)፣ ወሬ። አንድ ቀን ሚሊንግ ፍሮሊክ የሚባለውን አደረጉልን፣ ድሮ አዲስ የተሸመነ ሱፍ እንዲጠብቅ የሚወቃበት ስራ ነው (ያኔ በቆየ ሽንት ነበር የሚነከረው፣ አሁን በውሃ ብቻ ነው ተመስገን)። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ አስር ሰው ሆነን እርጥብ ብርድ ልብስ ይዘን ጠረጴዛው ላይ እናጋጫለን፣ አንዷ ግጥሙን ታወጣለች ሌላው አዝማቹን ይመልሳል፣ ጨርቁ ከሰው ወደ ሰው እየዞረ፣ ኩባያዎቹ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እየዘለሉ፣ ቤቱ እርጥብ በግ እርጥብ በግ እየሸተተ። የልጄ እጅጌ እስከ ክርኑ ርሶ ነበር፣ አንድ ቃል ጌሊክ አይችልም ግን አዝማቹ «ሆ ሮ» ምናምን ስለሆነ በሶስተኛው ዙር ይጮህ ነበር። እኔ የአያቴ አገር ደቦ ነው ትዝ ያለኝ፣ እንባዬ መጣ፣ በሽንኩርት አሳበብኩ።

ሙዚቃውም ሊጠፋ ነው ተብሎ ያውቃል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ላይ የኬፕ ብሬተን ፊድል ተጫዋች እያለቀ ነው ሲባል ሰዉ ተናደደና በ1973 ግሌንዴል ላይ ከመቶ በላይ ተጫዋች ተሰበሰበ፣ ዛሬ የሚያስተምሩት ብዙዎቹ ያኔ ልጆች የነበሩ ናቸው። ቁጣም አንዳንዴ ይጠቅማል።

ቋንቋው ግን ያማል። የአማቴ ወላጆች እርስ በርስ ጌሊክ ያወሩ ነበር፣ ለልጆቹ እንግሊዝኛ ብቻ፣ ትምህርት ቤት እንዳይቀጡ፣ ስራ እንዲያገኙ። ጌሊክ የሚወጣው ልጆቹ መስማት የሌለባቸው ነገር ሲኖር ነው። ስለዚ አማቴ ዛሬ የሚችሉት ጸሎትና ስድብ ብቻ ነው፣ መሀሉ የለም። ሰማንያ ሊሞላቸው ሲሉ ሴንት አንስ ያለው የጌሊክ ኮሌጅ፣ ከ1938 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሄደው ከሀያ አመት ልጆች ጋር ተምረዋል። እኔም ስለ ገንዘብ ሳወራ እንዲህ አይነት ነገር አደርግ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው፣ እኔ ለእህቴ ስልክ ላይ በአማርኛ፣ ለልጁ በእንግሊዝኛ።

ስለዚ አስመዝግቢው፣ ምን ይጎዳሻል። ግን ኪልት ከመግዛትሽ በፊት (ጥሩው ስምንት ያርድ ሱፍ ነው የሚፈጀው፣ ልጅ ደሞ በአመቱ ይረዝምበታል፣ ከዘመድ ተዋሺ) አማትሽን አስቀምጪና ስልክሽን ሪከርድ ላይ አድርገሽ የአባት የአያታቸውን ስም አስቆጥሪያቸው፣ የት መንደር፣ በማን መርከብ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ሁሉንም።

ልጄ የኔን ወገን ይረሳል ወይ ላልሽው፣ የኔ አማት አንድ ቀን ዘራቸውን እስከ ባራ ቆጥረው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው «ያንቺስ?» አሉኝ። አራት ላይ ቆምኩ፣ አፈርኩ። ደብረ ታቦር አባዬ ጋ ደወልኩ፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ነገሩኝ። አሁን ፍሪጃችን ላይ ሁለት ዝርዝር ተለጥፏል፣ አንዱ የማክኒል አንዱ የኔ፣ የልጄ ስም ከሁለቱም ስር በራሱ እጅ ተጽፏል። የኔው ሰባተኛው ላይ ባዶ ነው፣ አባዬ ገጠር ያሉ አጎታቸውን ጠይቄ እደውላለሁ እንዳሉ ነው።