ግንቡ ሆዱን ነፍቷል፤ ላስለስነው ወይ?

“ቤቴ ደሴ፣ ተዳፋት ላይ ነው። ከጓሮዬ ያለው 3 ሜትር ገደማ የሚሆን የድንጋይ ድጋፍ ግንብ መሃሉ ወደ ውጭ ነፍቷል፤ ተሰነጣጥቋልም። ክረምት ሳይገባ በሲሚንቶ ባስለስነው ይበቃል?” ብለው ጠይቀውኛል።

አይበቃም። እንዲያውም ይብስበታል። አሁን ውሃው የሚተነፍሰው በዚያ ስንጥቅ ነው፤ ከደፈኑት ከኋላ ይጠራቀማል።

ተዳፋት ላይ ያለ አፈር ክብደቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ይስበዋል። ይዞ የሚያቆመው እርስ በርሱ መፋተጉና መጣበቁ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፤ 1.6 ቶን ገደማ የነበረው 1 ሜትር ኩብ አፈር ወደ 2 ቶን ይጠጋል። ከክብደቱ የሚከፋው ደግሞ መሃሉ የገባው ውሃ አፈሩን ማላቀቁ ነው። የእርስዎ ግንብ ጀርባ ውሃ እስከ አፉ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 4.5 ቶን ያህል ይገፋዋል። ልስን ይህን ሊመክት? የማይመስል ነገር።

ስለዚህ ገንዘብዎን ውሃው ላይ ያውጡ። ከግንቡ በላይ ጎርፉን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ያስቆፍሩ። ልስኑን ለእሱ ያድርጉት፣ ውሃ እንዳያሰርግ። የጣራዎ አሸንዳ ወደ ግንቡ ጀርባ የሚፈስ ከሆነ ዛሬውኑ ያስቀይሩት። የግንቡን የውሃ መውጫ ቱቦዎችም ይዩ። ዝናብ ዘንቦ ጠብ የማይል ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ነው፤ ግንበኛው ከኋላ ጠጠር መሙላት ሲገባው የቆፈረውን ጭቃ መልሶበታል። ይሄ የተለመደ ነው፣ ያናድዳል።

የነፋው ክፍል ተመልሶ አይገባም። በበጋ ከላይ ወደ ታች፣ በትንሽ በትንሹ እየፈረሰ እንደገና ይሠራ፤ እግሩ ወደ 1.5 ሜትር ይስፋ፣ ጀርባው ጠጠር ይሁን። እስከዚያ ማንም ሥሩን እንዳይቆፍር።

ከግንቡ በላይ መሬቱ ላይ እንደ ቀስት የጎበጠ ስንጥቅ ከታየ ግን ጉዳዩ የግንበኛ አይደለም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ካስማ ይትከሉና ርቀቱን በሜትር ይለኩ። እየሰፋ ከሄደ ቤቱን ለቅቀው ለወረዳው ያሳውቁ፤ የአፈር መሐንዲስ ይየው። ከፊሉ ቢናድ ደግሞ ዕቃ ላውጣ ብለው አይጠጉ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ጎፋ ላይ ብዙ ሰው ያለቀው የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጣ ሲቆፍር ሁለተኛው መጥቶበት ነው።